ያለ ምሰሶ የሚቆም ክንፍ፦ የአስመራውን የፊያት ታልየሮ ነዳጅ ማደያ በሌጎ የመሥራት ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የጀመርኩት ሥራ በአስመራ የሚገኘውን የፊያት ታልየሮ ነዳጅ ማደያ በሌጎ ጡብ፣ ማለትም እርስ በርሱ በሚሰካ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ ማቆም ነው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ጁሴፔ ፔታትሲ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1938 ተሠርቶ ያለቀው ይህ ሕንፃ ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን ይመስላል። መካከል ላይ ቢሮ፣ ገንዘብ መቀበያና ሱቅ የያዘ ማማ አለ፤ ከማማው ግራና ቀኝ ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር የሚረዝሙ የአርማታ ክንፎች ከሥራቸው አንድም ምሰሶ ሳይኖር ተዘርግተዋል። የከተማው ሹማምንት ክንፎቹ ምሰሶ እንዲደረግላቸው አጥብቀው ጠይቀው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተገኘው የመጀመሪያው ንድፍም ምሰሶዎቹን ያሳያል። ፔታትሲ ግን አያስፈልጉም ብሎ ጸና። እንደሚተረከው ድጋፎቹን ለማንሳት የፈራውን ተቋራጭ እገድልሃለሁ ብሎ እስከማስፈራራት ደርሷል፤ ድጋፉ ሲነሳም ክንፎቹ ንቅንቅ አላሉም።

እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው አስመራ ነው። ስለዚህ ሕንፃ ስታነሳ ቅርጹን አትገልጽም፤ የምትናገረው ስለ ጥላው ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በክንፉ ሥር ቆመው ፀሐይ እስኪበርድ ይጠብቁ እንደነበር። እንግዲህ የምሠራው ነገር ያንን ጥላ መጣል አለበት፤ ለዚህም ሦስት ሕጎች ለራሴ አውጥቻለሁ፦ ከክንፉ ሥር ምሰሶ አይቆምም፣ ሙጫ አይነካውም፣ አንድም ጡብ አይቆረጥም። በእውነተኛው ሕንፃ ላይ ክንፉን የያዘው ስሌት እንጂ ማታለያ ስላልነበረ፣ በእኔም ላይ እንዲሁ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 13

መጠን መወሰን ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። የሌጎ ልኮች ቁርጥ ያሉ ናቸው፦ ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ቀጣዩ ጉጥ መካከል 8 ሚሊሜትር ነው፤ ጉጥ የምለው ጡቡ ላይ የሚታየውን ክብ ጉብታ ነው። የአንድ ጡብ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ፕሌት የሚባለው ስስ ቁራጭ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊሜትር ነው። የራሳቸውን ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች (ሥራቸውን ‘ሞክ’ ይሉታል) ብዙውን ጊዜ መጠኑን ከሕንፃው ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከመኪናው ጀመርኩ። ነዳጅ ማደያ ያለ መኪና ባዶ ቤት ነው፤ መኪናው ደግሞ ከሕንፃው ይልቅ ለስህተት ቦታ የለውም። ሕንፃ ላይ አንድ ጉጥ ቢጎድል ማንም አያየውም፤ መኪና ላይ ግን አንድ ጉጥ መላ መልኩን ይለውጠዋል።

የመረጥኩት መኪና ፊያት 600፣ ማለትም ሁላችንም ሴይቼንቶ የምንለው ነው። ርዝመቱ 3,215 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 1,380፣ ቁመቱ 1,405፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ደግሞ 2,000 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ለ42 ባካፈልኳቸው ጊዜ ያገኘሁት ውጤት ወረቀቱን ደግሜ እንዳይ አደረገኝ። ወርዱ 32.9 ሚሊሜትር፣ ማለትም አራት ጉጥ ሆነ። የጎማዎቹ ርቀት 47.6፣ ማለትም ስድስት ጉጥ ሆነ። ቁመቱ 33.5፣ ማለትም ሦስት ጡብ ተኩል ሆነ። ርዝመቱ ብቻ ዘጠኝ ጉጥ ተኩል ገደማ ላይ ወድቆ አንገራገረ። አንድ መኪና ይህን ያህል ከጉጡ ጋር ሲስማማ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ስለዚህ መጠኑ አንድ ለ42 እንዲሆን በዚያው ተወሰነ። በዚህ መጠን አንድ ጉጥ 33.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። 15 ሜትር የሚረዝመው ክንፍ 357 ሚሊሜትር፣ ማለትም 45 ጉጥ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሆነ። ማማውን በፎቶግራፍ ግምት 18 ጉጥ ሰጥቼዋለሁ፤ ጠቅላላው ከጫፍ እስከ ጫፍ 108 ጉጥ፣ 86 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ይመጣል ማለት ነው።

ጥቅምት 27

አዲስ አበባ ውስጥ የምፈልገውን ጡብ እየመረጥኩ የምገዛበት ቦታ የለኝም፤ ሙሉ ሳጥን ቢገኝም ከውስጡ የሚጠቅመኝ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ መላውን ሕንፃ በመጀመሪያ ስቱዲዮ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቼ፣ የሚያስፈልገውን ቁራጭ በቁጥርና በቀለም ዘርዝሬ፣ ቨርጂኒያ ለምትኖር የአክስቴ ልጅ ላክሁላት። እሷ በብሪክሊንክ ገበያ ከተለያዩ ሻጮች ትገዛለች፤ ዕቃውም ወደ አገር ቤት በሚመጣ መንገደኛ እጅ ይደርሰኛል። ብሪክሊንክ እ.ኤ.አ. በ2000 በግለሰብ የተጀመረና ያገለገሉ ቁራጮች አንድ በአንድ የሚሸጡበት ገበያ ነው፤ ከ2019 ወዲህ ራሱ የሌጎ ኩባንያ ይዞታ ሆኗል። በሰው ሻንጣ ላይ ሁለት ኪሎ መጫን ትልቅ ውለታ ነውና አንድም ትርፍ ቁራጭ እንዳይኖር ዝርዝሩን አራት ጊዜ አጣራሁት።

ኅዳር 18

ዕቃው ደረሰ። ያገለገለ ነጭ ጡብ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። የሌጎ ፕላስቲክ ኤቢኤስ የሚባለው ሲሆን ፀሐይ ሲመታው ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከተለያዩ ሻጮች የመጣው ነጭ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያልተስተካከለ ኖራ ቅብ መሰለ። የእህቴ ልጅ ከእኔ የተሻለ ዓይን ስላለው በመስኮት ብርሃን ሦስት ቦታ ለየልኝ፦ ንጹሕ ነጭ፣ የወተት ቀለም የያዘና ቢጫ። ቢጫውን በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ የታወቀ መፍትሔ ነው፤ እኔም ከፋርማሲ የገዛሁትን ባለ 3 በመቶ ተጠቅሜ በመስታወት ዕቃ ሰገነት ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብሎ የሚሠራ ቢሆንም በስድስተኛው ቀን ለውጡ ግልጽ ነበር። ያልነጣውን በክንፉ ሆድ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ እጠቀምበታለሁ።

ስለ ቀለሙ ምርጫ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የሕንፃው ፎቶግራፎች በተለያየ ዘመን የተለያየ ቅብ ያሳያሉ። ነጭን የመረጥኩት ከቀለሞች ሁሉ ጥላን አጉልቶ የሚያሳየው እሱ በመሆኑ ነው።

ታኅሣሥ 4

የመጀመሪያው ክንፍ ወደቀ።

ያደረግኩት እንዲህ ነበር፦ አራት ድርብ ፕሌት ደራርቤ፣ 45 ጉጥ ርዝመትና 14 ጉጥ ወርድ ያለው ሳንቃ ሠራሁ። ውፍረቱ 12.8 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ በወጥ ቤት ሚዛን 330 ግራም ሆነ። ሥሩን በማማው ግድግዳ ውስጥ ቀብሬ ከታች ያቆምኩትን ድጋፍ በቀስታ ሳነሳ ጫፉ ወዲያው 27 ሚሊሜትር ረገበ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላም ከሥሩ 16 ጉጥ ርቆ ባለው ቦታ ላይ ተላቅቆ ወለል ላይ ተበተነ። ቦታው ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። ከነበሩኝ ፕሌቶች ረጅሙ 16 ጉጥ ስለነበር፣ የላይኞቹን ሁለት ድርቦች ሳስቀምጥ መገጣጠሚያቸው በአንድ መስመር ላይ እንዲውል አድርጌያለሁ። ግድግዳ የሚገነባ ሰው መጀመሪያ የሚማረውን ነገር፣ መገጣጠሚያን ማጠላለፍን፣ በጠፍጣፋው ላይ ስለምሠራ ረሳሁት።

ማታ ይህንኑ ግንበኛ ለሆነው ጎረቤታችን ነገርኩት። ስለ ሌጎ ምንም አያውቅም፤ ግን ወረቀቱ ላይ የሣልኩትን አይቶ፣ “ጋሼ፣ ሶሌታው ወደ ውጭ ሲወጣ ዋናው ፌሮ የሚታሰረው ከላይ ነው እንጂ ከታች አይደለም። በረንዳ የሚወድቀው ፌሮውን ከታች ያሰሩት ጊዜ ነው” አለኝ። ትክክል ነው። አንድ ጫፉ ብቻ በተያዘ ነገር ላይ የላይኛው ፊት ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። የሌጎ ጉጥ ደግሞ መጨመቅን በደንብ ይችላል፤ መለጠጥን ግን የሚቋቋመው ሁለት ቁራጮች እርስ በርስ በሚያደርጉት መተሻሸት ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔም ፌሮ ከላይ መሆን አለበት፤ በጉጥ የተያያዘ ሳይሆን በቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ ነገር የታሰረ።

ታኅሣሥ 11

አዲሱ የክንፍ አጥንት በወረቀት ላይ አልቋል። መሠረቱ ቴክኒክ የሚባሉት በጎናቸው ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች ናቸው። እነዚህ ጡቦች አንዱ በሌላው ላይ በቀጥታ ሲደረቡ ቀዳዳዎቻቸው ከቁም ዘንግ ቀዳዳ ጋር አይገጥሙም፤ የጡብ ቁመት 9.6 የጉጥ ርቀት ደግሞ 8 ነውና። ነገር ግን በሁለቱ ጡቦች መካከል ሁለት ፕሌት ሲገባ 9.6 እና 6.4 ተደምሮ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም በትክክል ሁለት ጉጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባለ ሦስት ቀዳዳ ዘንግ በቁሙ ቆሞ ላይኛውንና ታችኛውን በፒን፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ካስማ ያስራቸዋል። የሌጎን አሠራር ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሁለት የማይስማሙ ልኮች ተስማምተው የሚገናኙበት ቦታ ሁልጊዜ ይኖራል፤ መፈለግ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት በእያንዳንዱ ክንፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሦስት ትረስ (እንዲህ ላይና ታቹ የተሳሰረ ተሸካሚ) ይሄዳል። ከሥሩ 25.6 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ይህ በእውነተኛው መጠን ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚሆን እስከ ጫፉ እንዲሁ ከሄደ ክንፉ ክንፍነቱን አጥቶ ሣጥን ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛውን ከሄደ በኋላ የታችኛው ጡብ ይቀርና የላይኛው ብቻ ይቀጥላል፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ጉጦች ደግሞ ፕሌት ብቻ ናቸው። እውነተኛውም ክንፍ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ነውና፣ ጥንካሬ የጠየቀውንና ዓይን የጠየቀውን አንድ ላይ አገኘሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ግን የላይኛውን መስመር በማማው ውስጥ ሳላቋርጥ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ክንፍ ማሳለፌ ነው። እንደዚያ ከሆነ አንዱ ክንፍ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ማማው የሚሸከመው ክብደታቸውን ብቻ ይሆናል፣ እንዲገነጠል የሚታገለው ኃይል ግን በሁለቱ መካከል ይፈታል።

ታኅሣሥ 26

ሁለቱም ክንፎች ተሠሩ፤ እያንዳንዱ 260 ግራም ያህል ነው፣ ማለትም ከወደቀው ክንፍ ቀለል ይላል። በመጀመሪያው ሙከራ ጫፉ 9 ሚሊሜትር ረገበ። ይህ የፕላስቲኩ መጎበጥ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ጫፉን በጣቴ ከፍ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነሳ። የረገበው እንግዲህ ጡቡ ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው። ጥፋቱን ሳስሰው በስህተት የገቡ ግራጫ ፒኖች አገኘሁ። ግራጫው ፒን በቀዳዳ ውስጥ እንዲሽከረከር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ላላ ይላል፤ ጥቁሩ ግን ጠበቅ የሚያደርግ ትንንሽ ጠርዝ አለው። ሁሉንም በጥቁር ተካሁ፤ በየመገጣጠሚያውም በአንድ ፈንታ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ፒን አደረግሁ። ርገቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ወረደ።

ጥር 6

ማማው። በፎቶግራፍ ላይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት የአብራሪ ክፍል የመሰለው የመስታወት ፊት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሰጠሁት። ማጠፊያ ባላቸው ፕሌቶች ላይ የተተከሉ ስምንት ጠባብ የመስኮት ዓምዶች ተያይዘው ግማሽ ክብ ይሠራሉ፤ በቅርብ ሲታይ ባለ ብዙ ጎን ነው፣ አንድ ክንድ ራቅ ሲሉ ግን ይከባል። በመስኮቶቹ ላይ የሚያልፈው ጠርዝ ግን ክቡን አልከተል ብሎ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ከጉጥ ጋር ሳላያይዘው፣ በላዩና በታቹ ባሉት ቁራጮች መካከል ተይዞ እንዲቆም አደረግሁት።

በሕንፃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል የሠራሁት ፕሌቶችን በጎናቸው አቁሜ ነው። አምስት ፕሌት ሲደረደር 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ሁለት ጉጥ ስለሚሆን፣ በጎኑ የቆመ ጽሑፍ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ሳይተው ይገጥማል።

ጥር 20

ሴይቼንቶው። የመኪናው ወርድ አራት ጉጥ ነው፤ ይህ ድሮ የሌጎ የከተማ መኪኖች ሁሉ ይሠሩበት የነበረ ወርድ ነው። የሌጎ ሰው ከነክንዱ ከሁለት ጉጥ ስለሚሰፋ በአራት ጉጥ መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቀመጥም፤ ሾፌሩ መካከል ላይ ብቻውን ይሆናል። ወርዱን ስድስት ማድረግ ይህን ይፈታው ነበር፤ ነገር ግን ሴይቼንቶን ሴይቼንቶ ያደረገው ትንሽነቱ ነው። በሰፊው የተሠራ ሴይቼንቶ ሌላ መኪና ነው።

ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ የፊቱ አፍንጫ አየር ማስገቢያ የለውም፤ ልስልስና ክብ ነው። ይህንን ለማግኘት ሁለት የተጠማዘዙ ቁራጮችን በመካከል አገናኝቼ፣ መብራቶቹን በጎኑ ጉጥ ባለው፣ የሠሪዎቹ ማኅበረሰብ ኤርሊንግ ጡብ በሚለው ቁራጭ ላይ ሰካኋቸው። በእውነተኛው መኪና ላይ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ በሮቹ ማጠፊያቸው ከኋላ በኩል ነበርና እጀታውን የሚያመለክተውን ትንሽ ቁራጭ ወደ ፊት አድርጌ አስቀመጥኩ። በሩ አይከፈትም፤ እጀታውን ግን መኪናውን የነዳ ሰው ያየዋል። ለጎማዎቹ ከትንንሾቹ መጠኖች አንዱን፣ 14 ሚሊሜትሩን ነው የተጠቀምኩት። ዘጠኝ ተኩል የነበረው ርዝመት ግማሽ ጉጥ የሚያሸሽ ቁራጭ የኋላ መከላከያው ሥር በማስገባት ተፈታ።

የእህቴ ልጅ መኪናው ሰማያዊና ነጭ ይሁን ብሎ ለመነኝ፤ በአዲስ አበባ ሰው ልብ ውስጥ ሴይቼንቶ የሚመጣው በታክሲ ቀለም ነውና አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ያ የእኛ የአዲስ አበባ ታክሲ አስመራ ማደያ ላይ ቢቆም ቦታውን ያሳስታል። የማደያው ሴይቼንቶ ክሬም ሆነ፤ ለልጁ ሰማያዊና ነጩን ለብቻው እንደምሠራለት ቃል ገባሁ። ሕንፃው በ1938 የተሠራ፣ መኪናው ደግሞ በ1955 የወጣ በመሆኑም ትዕይንቱ የሚያሳየው እናቴ ልጅ የነበረችበትን ዘመን እንጂ ማደያው የተከፈተበትን ቀን አይደለም።

የካቲት 2

ዛሬ ድጋፎቹ ተነሱ። ክንፎቹ በማማው ውስጥ ካለፉና ታይል የሚባለውን ጉጥ የሌለው ልስልስ ቁራጭ ከለበሱ ጀምሮ በየጫፋቸው ሥር የቡና ቆርቆሮ አቁሜ ነበር። መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን አነሳሁ፤ አንዱ ብቻ ተነስቶ በቆየበት ጊዜ ማማው ወደዚያው ዘንበል ሲል በዓይን ይታይ ነበር፤ ሁለተኛው ሲነሳ ግን ተመልሶ ቀጥ አለ። ውሃ ልኩን አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ አረፋው መካከል ላይ ቆመ። ርገቱ በግራ 4፣ በቀኝ 5 ሚሊሜትር ነው።

የካቲት 24

ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማታው ስለካ ቆይቻለሁ። ኤቢኤስ ሁልጊዜ ሸክም ሲኖርበት ቀስ በቀስ የሚለጠጥ ፕላስቲክ በመሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ የምፈራው ይህንን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በሁለቱም በኩል አንድ ሚሊሜትር ተጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አልተለወጠም። ይህንን አንድ ሚሊሜትር ለመመለስ በክንፉ ሥር ከታችኛው ጡብ ጎን አንድ ስስ ወረቀት ጣል ማድረግ ይቻል ነበር፤ ወረቀት ግን ሌጎ አይደለምና ተውኩት።

እናቴ ከትናንት በስቲያ መጥታ አየችው። መጋረጃውን ከፍታ የከሰዓት ፀሐይ እንዲገባ አደረገች፤ ከዚያ በማማው በር አጠገብ ያቆምኳቸውን ሁለት የሌጎ ሰዎች አንስታ ወደ ግራው ክንፍ ሥር፣ ጥላው ወደሚደርስበት ጠርዝ አዛወረቻቸው። “እዚህ ነው የምንቆመው” አለች። እኔ ያቆምኳቸው ከፎቶግራፍ ተነስቼ ነበር፤ አሁን ባሉበት እንዲቆዩ ተጣብቀው የሚቆሙባቸው ሁለት ፕሌቶች ወለሉ ላይ ጨምሬያለሁ።

የቀረው ሰማያዊና ነጩ ሴይቼንቶ ነው። አካሉ አልቋል፤ የጎደለው የፊት መስታወቱ ብቻ ሲሆን፣ የአክስቴ ልጅ ገዝታዋለች፤ ለፋሲካ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ይደርሳል።